የአባዬ የጠፍር አልጋ

ከማስታወሻ ደብተሬ
መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2016

ለሰው የምልከውን ደብዳቤ ግልባጩን እዚህ ደብተር ላይ አስቀራለሁ። ቆዳ ነጋዴ ነኝ፤ የላክሁትንና የተቀበልሁትን ሳልጽፍ አላድርም። ኢንተርኔት ከጠፋ ወዲህ ጅዳ ካለችው እህቴ ከሱሀይላ ጋር የምንገናኘው በወረቀት ነው። እኔ የጻፍሁትን የሚኒባስ ሹፌሩ ምንይችል ደሴ ያደርሰዋል። እዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጓደኛዬ አህመዲን በስልኩ አንስቶ ይልክላታል። እሷ የጻፈችውን ደግሞ አትሞ፣ ፖስታ ውስጥ አሽጎ በዚያው መኪና ይመልስልኛል። አህመዲን ደብዳቤዎቹን አያነብም ብዬ አላምንም።

የዛሬው ይህ ነው።

ለውድ እህቴ ለሱሀይላ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኔም ባሲማም ልጆቹም ደህና ነን፣ አልሐምዱ ሊላህ። ባሲማ ከእኔ ሰላምታ ለይታ የራሷን ልካለች። ምኑ እንደሚለይ ብጠይቃት «አንተን አያገባህም፣ ብቻ አድርስ» አለችኝ። አድርሻለሁ።

ለዘገየሁበት ይቅርታ። ስለ አባዬ ለጠየቅሽኝ መልስ ይዤ ልጻፍ ብዬ ነው። ባለፈው ሐሙስ ከላላ ከተማ ሄጄ፣ ከዚያ በበቅሎ መንደራችን ደርሼ አየኋቸው። ሳሉ ለቋቸዋል። የአምናውን ክረምት ግን አንቺም እኔም አንረሳውም። በቃሬዛ ተሸክመናቸው ያን ጭቃ ስናቋርጥ ለራሴ ያልሁትን ዛሬም እላለሁ፤ ዘንድሮ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው እኔ ቤት መግባት አለባቸው። እናታችን ካለፈች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ጎረቤታቸው ሀሊማ ውኃ ትቀዳላቸዋለች፣ እሳት ታነድላቸዋለች። ሲታመሙ ግን ሐኪም ቤት አጠገባቸው የለም።

ነገሩን ሳነሣባቸው አልተቆጡም። ቁርኣናቸውን ከድነው አዳመጡኝ።

«አባዬ፣ ክፍል አዘጋጅቼልዎታለሁ» አልኋቸው።

«አላህ ይስጥህ።»

«ጥሩ የስፖንጅ ፍራሽ አስገብቻለሁ።»

«ስፖንጅ ላይ በሽተኛ ይተኛል። እኔ ምን ሆንሁ?»

«ታዲያ ምን ይሻልዎታል?»

«አልጋዬ አንተ ዘንድ አይደል ያለው? አርባ ዓመት ለደረሳ ቁርኣን ሳስቀራ የተቀመጥሁበት የጠፍር አልጋዬ። እሱ ላይ የምታስቀምጠኝ ከሆነ እመጣለሁ። ያለዚያ እዚሁ ይሻለኛል።»

ይኸው ነው፤ ሌላ የጠየቁኝ ነገር የለም።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ የአባዬ አልጋ አሁንም እንግዳ መቀበያው ክፍል ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አልጋው ቤቴ አለ።

ወንድምሽ ጠልሐ

(ያልጻፍሁላት)

አልጋው ቤቴ አለ ማለት ውሸት አይደለም። መጋዘኑም ቤቴ ነው።

አባዬ ጣሪያቸው ማፍሰስ ሲጀምር፣ እንጨቱ እንዳይበሰብስ ብለው ከስድስት ዓመት በፊት በአደራ ሰጡኝ። አንድ ዓመት እንግዳ መቀበያው ውስጥ ቆየ። ከዚያ ሚስቴ ባሲማ ሶፋ አስገባችና አልጋው መጋዘን ሄደ። ቆዳ መሬት ከነካ ይበላሻል፤ ከፍ ያለ ነገር ይፈልጋል። አልጋ ደግሞ ከፍ ያለ ነገር ነው። ጨው የተነሰነሰ የበሬ ቆዳ ስቆልልበት አምስት ዓመት ሆነ።

ዛሬ ቆዳውን አስነሥቼ አየሁት። ጠፍሩ ተበጣጥሶ ተንጠልጥሏል። ከራስጌው አንዱ እግር የለም፤ በቦታው ድንጋይ ቆሟል። ድንጋዩን ያቆምሁት እኔው ነኝ፣ መቼ እንደሆነ ግን ረስቼዋለሁ። የሌላው የራስጌ እግር አናቱ በስብሷል። የጎኑ እንጨት ተሰንጥቋል። ጨዉ እንደ አመዳይ ነጭ ሆኖ ከእንጨቱ ላይ ወጥቷል።

ክረምቱ ሊገባ ሁለት ወር ቀርቶታል።


ጅዳ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2016

ወንድሜ ጠልሐ፣

ወአለይኩሙ ሰላም። ለባሲማ መልሴን በአንተ በኩል አልልክም፤ ሌላ መንገድ አለን። እኔ ደህና ነኝ። ሙቀቱ ጀምሯል። ማዳም ጉልበቷን ስለሚያማት ቀኑን ሙሉ ከአጠገቧ አልጠፋም። ሴትዮዋ ደግ ናት፣ ወሬ ትወዳለች፤ በዚህ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የከላላን ሰው ሁሉ በስም አውቃለች።

«አልጋው ቤቴ አለ» ላልከኝ፤ አንተን እኮ አውቅሃለሁ። ልጆች ሆነን ማሩን ማን በላው ስትባል «ማሩ ከቤት አልወጣም» ያልከው አንተ ነህ። ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

እዚህ ቤት ግቢው ውስጥ የማዳም አባት የነበረ ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለ፤ መቀመጫው በገመድ የተጠለፈ ነው። ሰሞኑን አንድ የመናዊ ሽማግሌ መጥቶ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠግነው አየሁት። ሻይ ባቀረብኩለት ቁጥር እንጨቱን በጣቱ ቆርቆር እያደረገ ጆሮውን ያስጠጋ ነበር። ማዳም ሥራው ሲያልቅ እየተደገፈች ወጥታ ተቀመጠችበትና እስከ መግሪብ ሶላት ሳትነሣ ቆየች። አባዬን አሰብኩ።

ጠልሐ፣ አንድ ነገር በግልጽ ልንገርህ። አምና አባዬ በቃሬዛ መወሰዳቸውን የሰማሁት ካገገሙ በኋላ፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። እንዳልጨነቅ ብላችሁ ነው፤ ይገባኛል። ግን ያን አሥራ ሁለት ቀን እዚህ ስስቅ ስጫወት እንደነበርኩ ሳስታውስ በራሴ አፍራለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ እስኪታደስ እስከ መጪው ዓመት መምጣት አልችልም። ስለዚህ አልጋ ካሉ አልጋ ይሁን። የፈለጉት እሱን ብቻ ከሆነ ቀላል ነው፣ አይደለም?

ፎቶውን አትርሳ።

ሱሀይላ


መካነ ሰላም፣ ግንቦት 3 ቀን 2016

ለእህቴ ለሱሀይላ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለማዳምሽም የጉልበት ምሕረት ይስጣት።

ፎቶ ላልሽው፣ አልጋው ያለበት ክፍል ጨለማ ስለሆነ ለጊዜው አይሆንም። ደግሞም አሁን አናጢው ጋሽ ደሳለው ወስዶታል። ትንሽ የሚስተካከል ነገር አለው። አሮጌ ዕቃ ነው፤ አባዬ ከመምጣታቸው በፊት ጸዳ ቢል ብዬ ነው።

ላለፈው ክረምት ይቅርታ። አልነግራትም ያልሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው የለበትም። ከእንግዲህ የሆነውን በሆነበት ቀን እጽፍልሻለሁ።

ጠልሐ

(ያልጻፍሁላት)

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ከጻፍሁ በኋላ ብዕሬን አስቀምጬ ትንሽ አሰብሁ። ሆኖም ላክሁት።

ደሳለው አልጋውን ከጋሪ ላይ ሲያወርዱለት ወገቡን ይዞ ቆሞ አየው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አልጋ ነው።»

«አልጋ ነበር በል። ማን ነው የገደለው?»

«ጊዜ ነው።»

«ጊዜ ጨው አይነሰንስም፣ ጠልሐ።»

ደሳለው ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ አሁን አሁን የዐረብ መጅሊስና የቡቲክ መደርደሪያ ነው የሚሠራው። ነገር ግን አልጋውን ገልብጦ መጋጠሚያዎቹን በአውራ ጣቱ ሲነካ ድምፁ ለሰለሰ። ጎኑ ዋንዛ ነው አለኝ፣ እግሮቹ ወይራ። እንጨቱ ከእንጨት ጋር በገዛ ጥርሱ ተነካክሶ የተያያዘ ነው፤ አንድ ሚስማር የለበትም።

«ሁለት ብረት አስረህ በሚስማር ብትመታው በሦስት ቀን ያልቃል» አልሁት።

«አንተ እንጨቱን ጨው አጠጥተኸዋል። ሚስማሩን በዓመቱ ይበላውና ሼሁን መሬት ላይ ያወርዳቸዋል። እሱን ነው የምትፈልገው?»

በውኃ እያጠበ፣ በጥላ እያደረቀ፣ እንደገና እያጠበ ጨዉን ለማውጣት ብቻ ሁለት ሳምንት ጠየቀኝ። የተሰነጠቀውን ጎን በኮላ አጣብቆ በእንጨት ችካል ይሰፋዋል። እግሩን ከደረቀ ወይራ በመሮ ይቀርጻል። የቸገረው የራስጌው እግር አናት ነው። አንዱ ስለጠፋ፣ አንዱም ስለበሰበሰ ቅርጹ ምን እንደነበረ አይታወቅም።

«ባለቤቱን እጠይቃለሁ» አለ።

«እንዳትጠይቅ። የፈለግኸውን ቅርጽ አድርግ።»

ዝም አለ። ዝምታውን እሺታ ነው ብዬ ወሰድሁት።

ጠፍሩን ለእኔ ተወው አልሁት። ስለ ቆዳ ማንም አይነግረኝም።


መካነ ሰላም፣ ግንቦት 20 ቀን 2016

ለእህቴ ለሱሀይላ፣

አሰላሙ አለይኩም። ፎቶውን ከዚህ ጋር ታገኚዋለሽ። ከአልጋው አጠገብ ፊቱን ያኮሳተረው ጋሽ ደሳለው ነው፤ ተቆጥቶ አይደለም፣ ፎቶ ሲነሣ እንደዚያ ነው። የራስጌውን እግሮች አናት ልብ ብለሽ እዪ። እንደተዘጋ የጽጌረዳ እምቡጥ ናቸው። ከየት እንዳመጣው ብጠይቀው «እጄ ያውቃል» አለኝ።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። አልጋው እንግዳ ክፍል አልነበረም። መጋዘን ውስጥ አምስት ዓመት ቆዳ ስቆልልበት ኖሬያለሁ። እግሩ የተሰበረው ጎኑም የተሰነጠቀው በእኔ ነው። በአደራ የተሰጠኝን ዕቃ መደርደሪያ አደረግሁት። አፉ በይኝ። ቀድሜ ያልነገርሁሽ ሲጠገን ልንገራት ብዬ ነው፤ መጥፎ ወሬ ከነመፍትሔው ሲላክ ይቀላል፣ በንግድም የማደርገው እንደዚያ ነው።

ጠፍሩን የሠራሁት ራሴ ነኝ። ከመጋዘኔ ወፍራሙንና በደንብ ጨው የበላውን የበሬ ቆዳ መርጬ አጠብሁት፤ ጠጉሩን ፍቄ፣ ከዳር ጀምሬ ዙሪያውን እየዞርሁ አንድ ረጅም ጠፍር አወጣሁለት። እርጥቡን ጠፈርነው። የግንቦት ፀሐይ በአራት ቀን አደረቀው። በጣትሽ ብትመችው እንደ ከበሮ ይጮኻል። ባሲማ ሳትቀር ተቀምጣበት «ከሶፋው ይሻላል» ብላለች፤ ይህን እንደጻፍሁ እንዳትነግሪያት።

ለአባዬ አልጋው ይጠብቅዎታል ብዬ ላክሁባቸው። ለአረፋ እመጣለሁ ብለዋል።

ጠልሐ


ጅዳ፣ ግንቦት 27 ቀን 2016

ወንድሜ ጠልሐ፣

ፎቶውን ለማዳም አሳየኋት። «ይህን የሠራው ወንድምሽ ነው?» አለችኝ። «ያጠፋውም የሠራውም እሱ ነው» አልኳት። እስከ ማታ ስትስቅ ዋለች።

አፉ ብዬሃለሁ። በእኔ በኩል ያለቀ ነገር ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የአባታችንን አልጋ በበሬ ቆዳ ሥር ቀብረህ በየመልእክትህ መጨረሻ ላይ «ሁሉ ነገር በቦታው ነው» ስትለኝ መኖርህን ግን አልረሳልህም። በእርጅናህም አነሣብሃለሁ፤ ልጆችህ ፊት።

ለአባዬስ ትነግራቸዋለህ? ሳላስብ የወረወርኳት ጥያቄ አይደለችም፤ አስቤበት ነው የጠየቅኩህ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ደስ ሲላቸው ያንን ደስታ በውሸት ላይ እንዳታስቀምጠው። እኔ ብሆን ከመቀመጣቸው በፊት እነግራቸዋለሁ። አንተ ግን ራስህን ታውቃለህ።

ለአረፋ እዚያ ባለመሆኔ ያመኛል። የሆነውን ሁሉ ጻፍልኝ፤ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደሳቀ፣ ሁሉንም።

ሱሀይላ

(ከደብተሬ፣ ሰኔ 3)

ለአባዬ አልነግራቸውም። አልጋው ደህና ሆኗል፤ ያለፈውን ማንሣት ማንንም አይጠቅምም። እንዲያው ከመጡ በቂ ነው።


መካነ ሰላም፣ ሰኔ 14 ቀን 2016

ለእህቴ ለሱሀይላ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። የሆነውን ሁሉ ጻፍ ስላልሽኝ ምንም ሳላስቀር እጽፋለሁ። በስተመጨረሻ የምትስቂው በእኔ እንደሆነ ግን ከወዲሁ እወቂው።

አባዬ ሰኔ 5 ገቡ። ከላላ ድረስ በሀሊማ በቅሎ፣ ከዚያ በሚኒባስ። አልጋውን ሲያዩ የራስጌውን እምቡጥ በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ነገሩ አለቀ ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድሁ።

በማግሥቱ ዝናቡ መጣ። አንቺ የምታውቂው የእኛ ዝናብ፤ ሦስት ቀን ጉም መሬት ላይ ተኝቶ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አባዬ ጠሩኝ።

«ጠልሐ።»

«አቤት።»

«ይህ አልጋ ነው ወይስ ስልቻ?»

ስገባ ጉልበታቸው አገጫቸው ዘንድ ደርሷል። ጠፍሩ እንደ ሊጥ ተለጥጦ መሐሉ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። እጃቸውን ይዤ ሳወጣቸው ባሲማ ከኋላዬ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። አባዬ ግን ጠፍሩን በጣታቸው አሹትና ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አደረጉ።

«ጨው ነው» አሉ።

«አጥቤዋለሁ እኮ።»

«ከላይ አጥበኸዋል። ውስጡ የገባው አይወጣም። ጨው ያለበት ቆዳ እርጥበት ይጠራል። በፀሐይ ይጠነክርልሃል፣ ጉም ሲገባ ይላላል። ሃያ ዓመት ቆዳ ስትሸጥ ይህን አታውቅም?»

«ቆዳ እሸጣለሁ እንጂ አልተኛበትም፣ አባዬ።»

ያን ጊዜ ባሲማ አልቻለችም፤ ሳቋ ከግቢ ውጭ ተሰማ። አባዬም ሳቁ። በእውነት ነው የምልሽ፣ እናታችን ካለፈች ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየኋቸውም። እኔ ግን አልሳቅሁም። አልጋው ከሌለ ይመለሳሉ ብዬ ነው ያሰብሁት። ክረምቱ ገብቷል፤ ጨው ያልነካው ቆዳ የት ይገኛል? እኔ መጋዘን ያለው ሁሉ ጨው የበላ ነው። የከተማው ቆዳ በሙሉ ወደ እኔ የሚመጣው ጨው በልቶ ነው።

መልሱን ያገኘነው በአረፋ ዕለት ነው። እንደ ሁልጊዜው ከስድስት ጎረቤቶች ጋር ሆነን አንድ በሬ አረድን። የኡድሒያ እርድ ቆዳ እንደማይሸጥ ታውቂያለሽ። ስለዚህ በየዓመቱ እኔ ወደዚያ ቆዳ ዞር ብዬም አላይም፣ ለሚወስደው ድሀ ይሰጣል። ዘንድሮ አባዬ ከሶላት መልስ ስድስቱን ጠርተው «ይህን ቆዳ ለአልጋዬ ብትሰጡኝ ምን ይመስላችኋል?» አሏቸው። ሁሉም እሺ አሉ። ከመካከላቸው አንዱ «ጠልሐ ሳይገዛው የወሰደውን ቆዳ ዛሬ ገና አየን» አለ። በዕለተ ዒድ መልስ አልሰጠሁትም።

ትኩሱን ቆዳ ጨው ሳይነካው አባዬ ራሳቸው በትንሽ ቢላ ቀደዱት። ወጣት ሳሉ የሼኻቸውን አልጋ የሚጠፍሩት ደረሶቹ ነበሩ፤ እሳቸውም ያኔ ነው የተማሩት። ደሳለው የእኔን ጠፍር ቆራርጦ አወጣና እንጨቱን አደረቀው። ከዚያ አባዬ ከወዲህ፣ እኔ ከወዲያ ሆነን ሁለት ቀን ጠፈርነው። እሳቸው ያሾልካሉ፣ እኔ እስባለሁ።

«ሳብ» ይላሉ። «ሳብ እንጂ። እጅህ ለስልሷል።»

አንቺ ያልሽኝ እዚያ ላይ መጣ። ጠፍሩን እየሳብሁ አንገቴን ደፍቼ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ቆዳ ሥር አይቼዋለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«አልጋዬን። ካቻምና ለጁምዓ መጥቼ ውዱእ ላደርግ ውኃ ፍለጋ መጋዘንህ ገባሁ።»

ሱሀይላ፣ እጄ ላይ ያለው ጠፍር አመለጠኝ።

«ለምን አልተቆጡኝም?»

«ተቆጥቼ ነበር። ከዚያ ቀና ብዬ ሳይ ክምሩ ጣሪያ ደርሷል። ልጄ ሥራው ሰምሮለታል አልሁና ንዴቴ ወጣልኝ። ያዝ፣ ላላብኝ።»

«እና በሚያዝያ አልጋዬ ላይ ካስቀመጥኸኝ ያሉኝ?»

«አልመጣም ብልህ ትከፋለህ። የሌለ ነገር ብጠይቅህ ግን አንተው ትተወኛለህ ብዬ ነው። እሺ ትላለህ ብዬ መቼ አሰብሁ?»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«ደሳለው ገበያተኛ ላከብኝ። የራስጌው አናት ምን ይመስል ነበር ብሎ። እምቡጥ ነው ብዬ በከሰል ስዬ ላክሁለት። ልጄ አልጋዬን ሊያስነሣው ነው ማለት ነው አልሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሳብ፤ ጠፍሩ ላላ።»

ሁሉንም ጻፍ ብለሻልና ሁሉንም ጻፍሁ። ደሳለውን ያዘዝሁትን ባለመፈጸሙ ልወቅሰው ሄጄ ነበር። «ዝም ነው እንጂ እሺ መቼ አልሁህ?» አለኝ።

ጠልሐ


ጅዳ፣ ሰኔ 22 ቀን 2016

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ለማዳም በዐረብኛ ሳነብላት አባዬ ጣታቸውን የላሱበት ቦታ ላይ ስደርስ ሁለታችንም በሳቅ ማንበብም መስማትም አቃተን። «አባትሽን አምጪልኝ» ትለኛለች። የእሷ አግዳሚ በጨው ሳይሆን በባሕር አየር ነው የሚላላው፤ ወንድምሽም ይምጣ፣ መጋዘን አለኝ ትላለች። ትቀልዳለች፣ አትስጋ።

እኔም ተቀየምኩ። አባዬ አይተው ሁለት ዓመት ዝም አሉ። አንተ አጥፍተህ አምስት ዓመት ዝም አልክ። እኔ ብቻ ነኝ እዚህ ቤተሰብ ውስጥ የምናገረው፤ እኔን ደግሞ ባሕር ማዶ ላካችሁኝ።

አሁን ግን እውነቱን ንገረኝ። ክረምቱ ሲያልፍ ይመለሳሉ ወይስ አንተ ዘንድ ይቆያሉ? «አልጠየቅኋቸውም» ብትለኝ አምንሃለሁ፤ አንተ እንደማትጠይቅ አውቃለሁ። ግን እኔ የምተኛው ያንን ሳውቅ ነው።

ሱሀይላ

(ከግርጌው በእስክሪብቶ፣ በአህመዲን እጅ)

ጠልሐ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ሳትም ዓይኔ ወደቀበት። እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ። ሼሁ ቀሩ ወይስ ሄዱ? ምንይችልም ይጠይቃል።


መካነ ሰላም፣ ሐምሌ 8 ቀን 2016

ለእህቴ ለሱሀይላ (አህመዲን፣ አንተም ሰላም ነህ ወይ)፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ። ዝናቡ እንዳለ ነው። ከላላ መንገድ ሁለት ቦታ ተቆርጧል፤ ጤፉ ግን አምሯል ይላሉ። ባሲማ ሰላም ብላለች፤ የእሷን እንደተለመደው በሌላው መንገድ ጠብቂ።

አልጋው አልደረቀም። ጨው ባይኖርበትም በሐምሌ ዝናብ ምን ይደርቃል? ማድቤት ከእሳቱ ፈንጠር አድርገን አቁመነዋል። አባዬ ጧት ጧት እየሄዱ በጣታቸው ይመቱታል፤ «ገና ነው» ብለው ይወጣሉ። ቀናቸው እንደዚያ ይጀምራል። ከዓስር በኋላ ከመስጊድ ተከትለዋቸው የሚመጡ አምስት ስድስት ሰዎች አሉ፤ ከመካከላቸው ባለፈው የቀለደብኝ ጎረቤቴ አንዱ ነው። በሀምሳ ዓመቱ ንባቡን ያቃኑለታል። ሲሳሳት ከግድግዳው ማዶ እሰማለሁ፤ ደስ አይለኝም ብል እዋሻለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሚተኙት ስፖንጁ ላይ ነው። አንድም ቀን አላነሡትም፤ እኔም አላስታወስኋቸውም።

ይቆያሉ ወይ ላልሽኝ፣ አልጠየቅኋቸውም። ገበያ ላይ ሰው ዕቃ እያገላበጠ ሳለ «ትገዛለህ ወይ?» አይባልም፤ ከተባለ አስቀምጦት ይሄዳል። ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ባለፈው ማክሰኞ ቁርስ ላይ ነው የተናገሩት።

«ጠልሐ፣ ዝናቡ ረገብ ሲል ኪታቦቼን አምጣልኝ።»

«የትኞቹን?»

«ሁሉንም ነዋ።»

ባሲማ አየችኝ፣ እኔ ዳቦዬን አየሁ። ሐሙስ ሄድሁ። መኪናው የቻለውን ያህል ሄደ፣ የቀረውን በእግሬ። መንደሩ ስደርስ ያንን ሁሉ ኪታብ ከመደርደሪያ ለማውረድ፣ ለመጠቅለል፣ ለማሰር ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል ብዬ ላስቲክና ገመድ ይዤ ነበር። ሀሊማ ቁልፉን ይዛ መጣች። በሩን ስትከፍተው መደርደሪያው ባዶ ነው። ሁለት ትልልቅ ጥቅሎች በላስቲክ ተጠቅልለው፣ ለበቅሎ ጭነት እንዲመቹ እኩል ሆነው ታስረው በሩ ሥር ተቀምጠዋል።

«ማን አሰረው?» አልኋት።

«ሼሁ ናቸዋ።»

«መቼ?»

«ለአረፋ ሊሄዱ ሲሉ፣ በመሄጃቸው ዋዜማ። ጠልሐ ሲመጣ ስጪው አሉኝ። ወር ሙሉ ስጠብቅህ፤ ምን አስቀረህ?» አለችኝ። «ዶሮዎቻቸውንም ለእኔ ሰጥተውኛል። ዶሮውን የሰጠ ሰው ይመለሳል ብለህ ነበር?»

በቅሎዋን ስላዋሰችኝ ሁለት ጊዜ አመሰገንኋት። ጭነቱን አስተካክዬ ተነሣሁ። በመንገዱ ሁሉ ያንኑ አንድ ነገር ሳሰላው መጣሁ። ኪታቦቹን ያሰሩት ሰኔ 4 ነው። የተጠገነውን አልጋ ያዩት ግን ሰኔ 5 ነው።

ደህና ተኚ።

ወንድምሽ ጠልሐ